በርና በርጩማ

ወንድሜ የሞተ ሰሞን በሩን ቀቡለት።

እኔ ቤት ነበርኩ፤ ሲቀቡ አላየሁም። የነገረችኝ የሥራ ጎረቤቱ እትዬ እጀታ ናት። ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ደግፋ ይዛኝ፣ «የሼዱን በር አሳምረንለታል። ሊሸኘው የመጣ ሰው በዚያ ሲያልፍ የእሱ በር ጥላሸት ለብሶ አይታይ ብለን ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት መሰለኝ። ያን ሰሞን ለማን ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ወንድሜ ሥራው ብረት ማጠንከር ነበር። ሌሎች ቀጥቅጠውና ስለው ያመጡለትን መሣሪያ እሳት ውስጥ ይከትና፣ ፍም ሲመስል አውጥቶ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ለዚህ ነው የግቢው ሰው «አጥማቂው» የሚለው። «ዛሬ ስንት አጠመቅክ?» ሲሉት፣ «አርባ አጥምቄ ሁለቱ ካዱኝ» ይላል፤ ተሰነጠቁ ማለቱ ነው። እኔ ግን ጋሼ ነበር የምለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ ሳያገባ ቀረ፤ እኔ አግብቼ ባሌ ሲሞት ወደ እሱ ተመለስኩ። እኔ ቤት ልብስ እየሰፋሁ፣ እሱ ሼዱ ብረት እየነከረ፣ ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር አረጀን።

ግቢው ጠባብ ነው። በግራ በኩል የቀጥቃጩ ሼድ አለ፤ ወሬ የማያበዛ፣ ከተናገረ ግን ሰው የሚያስቅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እትዬ እጀታ አለች፤ ባሏ የተወላትን የእንጨት ሥራ ይዛ የመዶሻና የመሮ እጀታ ትሠራለች። የሁላችን ታላቅ ናት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በቀኝ በኩል ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ያለው ባለቶርኖው ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይስላል፤ አንዷን ሚሊሜትር መቶ ቦታ ከፍሎ የሚያይ ዓይን አለው። መጨረሻ ላይ፣ ከሦስቱም ፊት ለፊት፣ የወንድሜ ሼድና ባለሁለት ተከፋች የብረት በሩ።

ባለቶርኖው ሰው ሲገባበት ሥራውን የሚሸፍንበት ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ ነበረው። የሰፋሁለት እኔ ነኝ። «ብርሃን እንኳ እንዳያሳልፍ» ብሎ ነው ያዘዘኝ። ከዚያ ወዲህ በሌለበት ስሙ «መጋረጃው» ሆነ፤ ፊት ለፊት የሚጠራው ወንድሜ ብቻ ነበር። ግን የሚሸፍን እሱ ብቻ አልነበረም። ቀጥቃጩ መሮ የሚቀጠቅጥበትን አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ከየት እንደሚያመጣ ለሚስቱም አይናገርም። እትዬ እጀታ እንጨቷን እንዴት እንደምታደርቅ ስትጠየቅ «ፀሐይ ላይ ነዋ» ትላለች፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጨት እንደሚሰነጠቅ ደግሞ የማያውቅ የለም። ወንድሜ ከሁሉም የባሰ ነበር። ዘይቱን ማንም እንዳይለየው ጽሑፉ በተፋቀ ጀሪካን ያስገባል፤ ብረት ሲያሞቅ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ስለ ሙት ደግ ደጉን ተናገሩ ይባላል። ይህን ዘልዬ ብሄድ ግን የኋላውን ደግነቱን ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን አንድ አናጢ የታጠፈ መሮ ይዞ መጣና ግቢው መሃል ወረወረው። «የዚህ ግቢ ብረት ቅቤ ነው!» ብሎ ጥሎ ሄደ። የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። መሮው በወንድሜ እጅ አላለፈም፤ ቀጥቃጩ ለራሱ ሞክሮ ያጠነከረው ነበር። ቀጥቃጩ አንገቱን ደፋ። ወንድሜ መሮውን አንስቶ ኪሱ ከተተው፤ ቤት ሲገባ አውጥቶ የስፌት ማሽኔ ላይ አኖረው።

«አየሽው?» አለኝ። «የአንዱ መሮ ሲታጠፍ የአራታችን ስም ነው የሚታጠፈው።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«በሩን ልከፍተው ነው እንጂ ምን አደርጋለሁ።»

በማግስቱ ምሳውን ሳደርስ ሁለቱም ተከፋች ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሦስቱም ውስጥ ቆመዋል። ወንድሜ በጉጠት የያዘውን መሮ እያሳየ ያስረዳል።

«ከዘይት የወጣ ብረት መስታወት በሉት። ጠንካራ ነው፤ ግን ይረግፋል። ስለዚህ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አጥርታችሁ እንደገና በቀስታ ታሞቁታላችሁ። ያን ጊዜ ቀለም ይመጣበታል። መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፤ ቀጥሎ ማር፤ ከዚያ እየጠቆረ ሐምራዊ፤ መጨረሻ ሰማያዊ። ገለባ ላይ ካቆማችሁት ጫፉ ይረግፋል። ሰማያዊ ከደረሰ ይታጠፋል። ለአናጢ መሮ ማሩ ጠቆር ሲል ነው።»

«የማን ማር?» አለ ቀጥቃጩ። «እናቴ ቤት ያለው ማር ነጭ ነው።»

«እኔ የማውቀው ማር ጥቁር ነው» አለች እትዬ እጀታ። «ሱቅ የሚሸጠው።»

«እሱማ የተቃጠለ ስኳር ነው።»

«ማር በልተህ ታውቃለህና ነው?»

«ኧረ ማሩን ተዉትና ቁጥር ስጠን» አለ ባለቶርኖው። «ስንት ዲግሪ ነው?»

«እኔ ዲግሪ የለኝም» አለ ወንድሜ። «አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።»

እትዬ እጀታ እስክታስላት ሳቀች። ባለቶርኖው ግን አልሳቀም፤ «በቀልድ መሮ አይሠራም» አለ። እውነቱን ነበር። አንዱ ማር ሲል ሌላው ገለባ ይላል፤ አንዱ ጠቆረ ያለውን ሌላው ገና ነው ይላል። ወንድሜ ጉጠቱን ይዞ ሲያስብ ቆየና ዓይኑ የተከፈተው በር ላይ አረፈ። ያ በር ከፊት ለፊቱ የቀጥቃጩን የእሳት ጭስ፣ ከውስጥ የዘይቱን ጭስ ዓመት ከዓመት ሲጠጣ የኖረ ነው።

«በሬን እዩ» አለ። መሮውን ከበሩ ጋር አስጠግቶ ያዘ። «ብረቱ በሬን ሲመስል አንሡት። ሦስታችሁም ከየሼዳችሁ ይታያችኋል። ማር አያሻም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «በር» የግቢው መለኪያ ሆነ። አንዱ ከወዲያ «በር ደረሰ?» ብሎ ይጮሃል፤ ሌላው «ትንሽ ቀረው!» ይላል። ከልክ በላይ የሞቀው «በር አለፈ» ይባላል። ቀጥቃጩ አንድ ቀን ጠጥቶ ሲንገዳገድ ሲመጣ እትዬ እጀታ «ይኼስ በር አልፏል» ብላ ለሳምንት መሳቂያ አደረገችው።

ነገርየው በዚያ አልቆመም። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን የሚያመጣበትን ቦታ ተናገረ። እትዬ እጀታ እንጨቱን ጥላ ውስጥ፣ ጫፉን ሰም ቀብታ እንደምታደርቅ ገለጠች። ባለቶርኖው ከሁሉም ዘገየ። አንድ ጠዋት ግን መሮ የሚሳልበትን ማዕዘን ሳያዛንፍ የሚይዝ ትንሽ የብረት ማቀፊያ ሠርቶ ለቀጥቃጩ ሰጠው። «እጅህ ስለሚንቀጠቀጥ ነው» አለው፤ ስጦታ እንዳይመስልበት። መጋረጃውንም በገመድ ወደ ጎን አሰረው። ወንድሜ ያን ቀን ቤት ሲገባ፣ «ስፌትሽ ሥራ ፈታ» ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከሙያ ትምህርት ቤት የሦስት መቶ መሮ ትዕዛዝ መጣ። አንዳቸውም ብቻቸውን የማይችሉት ነው። ቀጥቃጩ ቀጠቀጠ፣ ባለቶርኖው ሳለ፣ ወንድሜ አጠመቀ፣ እትዬ እጀታ እጀታውን ገጠመች። መቶ ዘጠናው ሄደ። ከዚያ ወንድሜ ሦስት ቀን ታሞ በአራተኛው ሞተ።

የቀረውን መቶ አሥር እነሱ ጨረሱት። ዘይቱን ያውቃሉ፣ እሳቱን ያውቃሉ፣ በሩ ቆሟል። «አታስቢ፤ ሥራው አልተቋረጠም» ብላ እትዬ እጀታ ስትነግረኝ ሐዘኔ መሃል ትንሽ ደስ አለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ አስተማሪ መቶ አሥሩንም መሮ በጆንያ አስጭኖ መለሰ። ሠላሳ አንዱ ጫፋቸው ረግፏል፤ ሌላውም አያስተማምንም። «የመጀመሪያዎቹ እንከን አይወጣላቸውም» አለ፤ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እነዚህ ግን ልጆቹ ገና አንዴ ሲመቱባቸው እንደ ብርጭቆ ነው የሚሆኑት። በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ ሌላ ቦታ ልንፈልግ ነው። ያው በደንብ የሠሩት ሰውዬ እንደሌሉ ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር።»

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እትዬ እጀታ ናት። ነግራኝ ስታበቃ አልተነሣችም። የቀሚሷን ጫፍ ታሻሽ ጀመር።

«ሌላም አለ?» አልኳት።

«መጋረጃው ተመልሶ ተዘርግቷል።»

«ምነው?»

«እኔ አላልኩም እንግዲህ፤ ባለቶርኖው ነው ያለው። ‹አጥማቂው የሆነ ነገር አስቀርቶብናል። ቁልፉን ይዞት ሄዷል። እሱ ካስቀረ እኛ ምን ብለን እንገልጣለን?› ነው የሚለው። ቀጥቃጩም ዝም ብሏል። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ወንድሜን ሌባ ቢሉት፣ ሰካራም ቢሉት እስቅ ነበር። ይኼኛው ግን አንጀቴ ገባ። የገባበትም ምክንያት አለው፤ ለእሷ ያልነገርኳት።

ከመታመሙ ሳምንት በፊት ነው። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ኮሌታ ላይ ነበርኩ። እሱ እንደ ልማዱ ቢጫ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ፣ «አንቺ፣ ለእነዚያ ሰዎች ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ» አለኝ።

«ጋሼ፣ በናትህ ቆየኝ፣ ኮሌታው እየጠመመብኝ ነው» አልኩና ፔዳሉን ረገጥኩት። እሱ ግን ማውራቱን አላቆመም። በርጩማውን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ በዓይኔ ጫፍ አይቼዋለሁ። ቃሉን ግን ማሽኑ ዋጠው። ስጨርስ ቀና ብዬ «ምን አልከኝ?» ስለው፣ «ይቆየን» አለ።

ቆየን። ያልነገራቸው ነገር እንደነበረ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እነሱ «አስቀረብን» ሲሉ «ውሸት ነው» ብዬ ለመማል አፌ አልታዘዘኝም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጠርጥሬዋለሁ። ያ በሩን ከውስጥ ይቀረቅር የነበረው ሰውዬ እውነት ሞቷል? ወይስ ጥቂቱን ለራሱ አስቀምጦት ነበር? እያልኩ በገዛ ወንድሜ ላይ እንደ ፖሊስ ስመላለስ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ባለቶርኖው ራሱ መጣ። ቀጥቃጩና እትዬ እጀታ ከኋላው ነበሩ። ወንበር ሰጥቻቸው እሱ ግን በአጠገቡ ያገኘው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ፣ ደብተር ነገር አለው?» አለኝ።

«የምን ደብተር?»

«የሚጽፍበት። ስለ ሥራው።»

«ወንድሜ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ምላሱን ያወጣ ነበር። ምን ደብተር አለው።»

«እንዲያው አንድ ወረቀት…»

«ፈልጊልን» አለች እትዬ እጀታ ቀስ ብላ። «ከተገኘ ሁላችንም እንድናለን።»

«ስሚኝማ» አለ ባለቶርኖው። «እኔ አልፈርድበትም። ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ደግሞ አንድ ነገር ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። አልዋሽሽም፣ እኔም አስቀምጫለሁ። በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ባልሠራው ጥፋት ይቅርታ ሲደረግለት መስማት ከስድብ ይከፋል።

«የነገራችሁ ነገር ሁሉ በሩ ላይ ነው» አልኩ። «‹በሬን እዩ› አላላችሁም? እኔ እዚያው ቆሜ አልነበረም?»

«አየን እንጂ!» አለ፤ አሁን እሱም ጋለ። «መቶ አሥሩንም አንድ በአንድ ከበሩ ጋር አስተያይቻለሁ! ልኬታችን እንዳይጠፋ ብዬ አይደል ያንኑ ቀለም ፈልጌ በገዛ እጄ የቀባሁት? ወንድምሽ ሚስማር የሚያኖርባትን አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ይዤ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ቁጥር። አንዲት ነጥብ አላዛነፍኩም!»

እኔ ፊቱን አልነበረም የማየው። ከሁለቱ ጉልበቶቹ መሃል የሚታየውን በርጩማ ነበር የማየው። ቢጫውን።

«ተነሥ» አልኩት።

«እ?»

«ከበርጩማው ተነሥ።»

«ልታስወጪኝ ነው?»

«አዎ። በርጩማውንም ጭምር።»

ብድግ ሲል በርጩማውን ነጠቅሁና በጥቁር ልብሴ ላይ ታቅፌው ወጣሁ። እትዬ እጀታ ነጠላ ጫማዬን ይዛ «ኧረ እግርሽ! ኧረ ባዶ እግርሽን ነው!» እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች። ጎረቤቴ ከመስኮት «ምን ሆነች? ሐዘኑ ጠናባት?» ስትል ሰማኋት። ቀጥቃጩ «ዕቃ እየቀየረች ነው» ብሎ መለሰላት።

ግቢው ደረስን። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ያበራል። በርጩማውን ወስጄ ሥሩ አኖርኩትና ወደ ኋላ ራቅሁ።

«አንድ ናቸው» አለ ባለቶርኖው። «መንታ በያቸው። ታዲያ ምን ሆነ? ያው ቀለም ነው አላልኩም?»

«መንታማ ናቸው» አልኩ። «በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቆርቆሮ ነው የቀባቸው። በሩን ቀብቶ በተረፈው በርጩማውን። ከዚያ በሩ እየጠቆረ፣ በርጩማው እንዳለ ቀረ። ጋሼ ሁልጊዜ ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ? ‹በርና በርጩማ መንታ ነበሩ፤ አንደኛው ሥራ ወጣ፣ አንደኛዋ ቤት ተቀመጠች› ይለኝ ነበር። እኔን መንካቱ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አንዳቸውም ገና አልገባቸውም መሰለኝ። እኔ ወደ በሩ ሄጄ በመቀርቀሪያው አጠገብ ጥፍሬን ሰደድኩ። ቀለሙ የተቀባው ሳይታጠብ፣ ጥላሸትና ቅባት ላይ ስለነበር አልያዘም። እንደ ድንች ልጣጭ እየተቀረፈ መጣ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ስገልጥ ከሥሩ አሮጌው በር ወጣ፤ ያ የጠቆረ ማር፣ ያ ወንድሜ መሮ ያስጠጋበት ቀለም። በዙሪያው ያለው አዲሱ ቢጫ ገለባ መሰለ።



ባለቶርኖው ከጆንያው ውስጥ አንዱን የረገፈ መሮ አወጣ። መሮው ፊት ላይ የቀረውን የእሳት ቀለም መጀመሪያ ከቢጫው ጋር አስተያየ፤ ልክ ገጠመ። ከተገለጠው ቦታ ጋር ሲያስተያየው እጁ ወረደ።

«ገለባ ላይ ነው ያቆምነው» አለ። «መቶ አሥር ጊዜ።»

«ገርጥቷል ብዬህ ነበር» አለ ቀጥቃጩ፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው ለማስታወስ ያህል።

«ብለኸኝ ነበር። ‹ዓይንህን ተወውና በሩን እመን› አልኩህ።»

«ታጥቦ ይቀባም ብዬ ነበር።»

«ቀብሩ ደርሶ ነበራ! ሰዉ መምጣት ጀምሮ… ለክብሩ ብዬ እኮ ነው። ለክብሩ ብዬ…» ንግግሩን ሳይጨርስ እዚያው መሬት ላይ፣ በሩን ተደግፎ ዘፍ አለ። ይህን ሰው ሃያ ዓመት ሳውቀው ልብሱ አፈር ሲነካ አይቼ አላውቅም። መሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰውን ይመስለኛል።

እትዬ እጀታ ነጠላ ጫማዬን እግሬ ሥር አኖረችልኝ። «ልቅሶው ይደርሳል» አለች። «የረገፈ ብረት ይድናል አይድንም? እሱን ንገሩኝ።»

ይድናል። ጠንካራነቱ አልጠፋም፤ ማለዘቡ ነው የጎደለው። ጫፉን እንደገና ስሎ፣ አጥርቶ፣ እስከ በሩ ድረስ ማሞቅ ብቻ ነው። ባለቶርኖው ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ተነሣ። ወደ ሼዱ ሲገባ መጋረጃው መንገዱ ላይ ነበር፤ በትከሻው ገፍቶት አለፈ። የረገፈውን ጫፍ ሞርዶ ሲመጣ ቀጥቃጩ ወፍራም የብረት ሰሌዳ እሳቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀው ነበር። መሮውን ሰሌዳው ላይ አጋደሙት።

«አንቺ ነይ» አለኝ ቀጥቃጩ። «የሚያበቃበትን አንቺ በይን።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እኛ ያላየነውን አይተሻል።»

ቀረብኩ። የነጣው ብረት ላይ መጀመሪያ እንዳለ እንደሌለ የሆነ ገለባ መጣ። ቀጥሎ ማር። የቀጥቃጩ እናት ማር ይሁን የሱቁ እንጃ። እኔ አንድ ዓይኔን ብረቱ ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጠቆር አለ። ያ መዳፍ የሚያህል ቦታ ወርዶ መሮው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ።

«በር ደርሷል» አልኩ።

ቀጥቃጩ በጉጠት አንሥቶ አቀዘቀዘው። እትዬ እጀታ ለመዶሻ እጀታ እንኳ አልሆን ብሎ የጣለችውን ጉጥ ያለበት ደረቅ እንጨት አመጣች። ባለቶርኖው መሮውን ጉጡ ላይ አቁሞ በሙሉ ክንዱ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባት ጊዜ። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሰጠኝ። የመሮው ስለት ሙሉ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው። የኮሌታውን ነገር፣ የፔዳሉን፣ በርጩማውን መታ መታ እያደረገ ምን ሊለኝ እንደነበር አሁን እንደገባኝ። ቤት ካለው መንታው ጋር ሲያስተያየው በሩ በየዓመቱ እየጠቆረ መሄዱን አይቶታል። አንድ ቀን ልኬቱ አልፎ እንደሚሄድ፣ ሌላ ልኬት እንደሚያስፈልግ ሊነግራቸው ነበር። ለእኔ መጀመሪያ ሞከረው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነበርኩ። «አስቀረብን ስትሉ እኔም ጠርጥሬዋለሁ» አልኳቸው። «እህቱ ነኝ፤ ሦስት ቀን ጠረጠርኩት።»

ባለቶርኖው ዞሮ በሩን አየ።

«እኔ ደግሞ ሸፈንኩት» አለ። «መሸፈን ለምዶብኝ።» ቀጥሎም እንደ ሕፃን ቀና ብሎ፣ «ስለ እኔ ምን ይል ነበር? እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ።

«‹ዓይኑ ከሁላችን ይበልጣል፤ የሚያየውን ግን ከቁጥር በቀር አያምንም› ይል ነበር።»

«መጋረጃውም ይለኝ ነበር» አለ፤ ሳቅ እያለ።

«እሱንማ ሁላችንም ነን» አለች እትዬ እጀታ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መቶ አሥሩም እንደገና በእሳት አለፈ። አስተማሪው በአሥራ አንደኛው ቀን መጥቶ ከየጆንያው አንዳንድ መዝዞ እዚያው እንጨት ላይ ሞከረ፤ «ሰውዬው ተነሡ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ወዲያው አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አልከፋኝም። ባለቶርኖው አራት ትንንሽ የብረት ቁራጮችን አሙቆ ልክ የበሩ ቀለም ላይ አድርሶ፣ እንዳይለውጡ በላያቸው ጥርት ያለ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ለሦስቱ ሼድ አንዳንድ ሰጠ። አራተኛውን ለእኔ። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ይጽፍባቸዋል ብዬ ነበር፤ ሲገለብጣቸው ሁሉም ላይ «በር» የሚል ቃል ተቀርጿል። መጋረጃውን አጥፎ አመጣልኝና መሮዎቹ የሚጠቀለሉበት ከረጢት ሰፋሁበት። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም።

የወንድሜን ሼድ አልዘጋነውም። ሦስቱም ተራ ገብተው ያጠምቁበታል። በሩን ዳግም የቀባው የለም፤ አዲሱ ቀለም በራሱ ጊዜ እየረገፈ ነው።

በርጩማውን ያን ቀን ወደ ቤት መመለስ ረሳሁት። በማግስቱ ልወስደው ሄጄ ቀጥቃጩ ተቀምጦበት አገኘሁት፤ ብድግ ሊል ሲል «ተቀመጥ» አልኩት። አሁንም እዚያው በሩ ሥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይዤላቸው ስሄድ አየዋለሁ። አንድ ክረምት ነው ያለፈው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ማር ማር ማለት ጀምሯል።